መገንጠያው ሲታደስ መንገድ ላይ የነበረው
በወረታ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



 የማወራችሁ ሁላችሁም በባንክ መስኮት ፊት ቆማችሁ ስለሰማችኋቸው ሁለት ቃላት ነው፤ «ሲስተም የለም»። ይህን ስንሰማ ወይ ተቀምጠን እንጠብቃለን፣ ወይ ነገ እንመጣለን ብለን እንሄዳለን። እኔ ግን አንድ ነገር እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ። ሲስተሙ ለእድሳት በቆመባት ሰዓት፣ ተልኮ ገና ያልደረሰው ገንዘብ የት ነው ያለው?

ጥያቄውን ያሳደረብኝ በአክስቴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። አክስቴ እዚሁ ፎገራ ላይ በበጋ ሽንኩርት ታለማለች። አንድ ዓመት ሽንኩርቱ ተነሥቶ፣ ተመዝኖ፣ መኪና ላይ ተጫነ። ገዢው አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ነው፤ ገንዘቡን ሌሊት በስልኩ ላከ። ጠዋት ላይ እርሱ «ተቆርጦብኛል» ይላል፤ እርሷ «አልገባልኝም» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ባንኩ ስትሄድ የተሰጣት መልስ «ሌሊት ሲስተሙ እየታደሰ ስለነበር ነው፤ ይጠብቁ» የሚል ብቻ ሆነ። መኪናው መቆም ስለማይችል ነጋዴው ጨክኖ ዳግመኛ ላከ፤ ሽንኩርቱም ሄደ። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ገንዘብ ደግሞ ገባ። አክስቴ ደውላ ትርፉን መለሰችለት። ያን ሁሉ ቀን ግን ሁለት የሚተማመኑ ሰዎች በልባቸው ተጠራጥረው ነበር የሰነበቱት። ለእኔ የጉዳዩ ክብደት እዚያ ላይ ነው።

ለመሆኑ በዚያች ሌሊት ምን ሆነ? ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ወረታ ራሷ ትበቃኛለች። ወረታ መገንጠያ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ወልድያ የሚወስደው፣ እኛ የቻይና መንገድ የምንለው፣ እዚህ ይገናኛሉ። ደረቅ ወደቡም እዚህ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የጎንደር መኪና የወልድያን መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መገንጠያው ላይ ከደረሰ መንገዱን ያገኛል።

በኮምፒውተሩ ዓለምም እንዲህ ያለ መገንጠያ አለ። እያንዳንዱ ባንክ የራሱ መዝገብ አለው። ቴሌብር የራሱ አለው፤ ጉምሩክም የራሱ አለው። መዝገቦቹ የተጻፉበት መንገድ ይለያያልና በቀጥታ አይግባቡም። በመካከላቸው ሆኖ የአንዱን መልእክት ተቀብሎ፣ ሌላው በሚገባው መልክ አስተካክሎ፣ መልሱንም ይዞ የሚመለስ ሥርዓት ያስፈልጋል። በአንዱ ባንክ ካርድ ከሌላው ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ ስታወጡ፣ ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች እንዲህ ያለውን የመገንጠያ ሥራ ይሠራል። ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ በውስጣቸው ያሉትን ብዙ ፕሮግራሞች የሚያገናኙበት የየራሳቸው መገንጠያ አላቸው። ዛሬ ዛሬ ብዙዎቹ ይህን ከክላውድ ይከራያሉ። ስሙ ደመና ማለት ቢሆንም ነገሩ መሬት ላይ ነው፤ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት የሌላ ሰው ሕንፃ ነው። ኪራይ በመሆኑም የእድሳቱን ቀን ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ተከራዩ ሳይሆን አከራዩ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መገንጠያው ሲታደስ ሁለት ነገሮች ይነካሉ። አንደኛው በዚያች ሰዓት እየተሠራ ያለው ሥራ ነው። ሌላው ተጽፎ የተቀመጠው መረጃ ነው።

በሥራው ልጀምር። ነጋዴው «ላክ» የሚለውን ሲጫን ገንዘቡ እንደ ቦንዳ ተጠቅልሎ አይሄድም። የሚሄደው መልእክት ነው፤ ከዚህ ሒሳብ ቀንስ፣ እዚያኛው ላይ ደምር የሚል። መልእክቱ መገንጠያው ላይ ሳለ ሥርዓቱ ቢቆም ሦስት ዓይነት ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። ገና ምንም ሳይሠራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀላሉ ነው፣ እንደገና ይላካል። ሁለተኛው፣ ከአንዱ ተቀንሶ ሌላው ላይ ሳይደመር የቀረ ነው፤ የአክስቴ ይህ ነበር። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ያስቸግራል። ሥራው በሁለቱም በኩል ተፈጽሟል፣ «ተፈጽሟል» የሚለው መልስ ብቻ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ላኪው አልሄደም ብሎ ዳግም ይልካል፤ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

መድኃኒቱ የቆየ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከመነሻው የራሱ መለያ ቁጥር ካለው፣ ያው ትእዛዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመጣ እንኳ ተቀባዩ ቁጥሩን አይቶ «ይህን ፈጽሜዋለሁ» ይላል እንጂ እንደገና አይከፍልም። ደህና የተሠራ ሥርዓት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ነጋዴው እንዳደረገው ሰው በእጁ እንደ አዲስ ሲልክ ግን አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ ሥርዓቱም የመጀመሪያውና የሁለተኛው አንድ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ሲያጋጥማችሁ፣ ከመድገማችሁ በፊት በመጀመሪያው መልእክት ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ባንኩን ጠይቁ። ቁጥሯን አታጥፏት።

ይህ በሰከንድ ስለሚያልቅ ሥራ ነው። ቀናት ስለሚወስደውስ? የብድር ማመልከቻን አስቡ፤ ወይም ከጂቡቲ ተነሥቶ ወረታ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ፣ ጉምሩክም ፈትሾ እስኪለቀው ድረስ የአንድ ኮንቴይነር ሰነድ የሚያልፍበትን መንገድ አስቡ። በአሮጌው ደንብ ተጀምሮ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ደንቡ ይለወጣል። አሮጌው አምስት እርከን ነበረው እንበል፤ አዲሱ ሰባት አለው። ሦስተኛው እርከን ላይ ያለው ሰነድ በየትኛው ይለቅ?

የፎገራ ገበሬ ለዚህ መልስ አለው። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ ከገባበት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዓይነት ዘር አይታችኋል! ኤክስ-ጅግና የሚባለውን ዘር ዘርቶ፣ ሻጋ የሚባለውን አዲስ ዘር በነሐሴ ያገኘ ሰው፣ ማሳው ላይ የበቀለውን ነቅሎ ሊለውጠው አይነሣም። የተዘራው በዘሩ ይደርሳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ አዲሱ ለሚቀጥለው ክረምት ይዘራል። ጥሩ የኮምፒውተር ባለሙያም እንዲሁ ያደርጋል። አሮጌውንና አዲሱን ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ያቆማል፤ የተጀመረው በአሮጌው ይጨረሳል፣ አዲስ የሚመጣው በአዲሱ ይጀምራል። አሮጌው የሚዘጋው በውስጡ የቀረ ሥራ አለመኖሩ ተቆጥሮ ሲረጋገጥ ነው። ይህ ወጪ አለው። ሁለት ሥርዓት ማቆየት ሁለት ኪራይ ነው። ወጪውን ለማዳን ሲባል ሁሉንም በአንድ ሌሊት ማዞር የሚመርጡ አሉ፤ እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ መቆጠብ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ጎን ለጎን ማቆምም ቢሆን ቁጥጥር ይፈልጋል። በአሜሪካ ናይት ካፒታል የሚባል የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ስምንት ሰርቨሮች ነበሩት። አዲሱ ፕሮግራም በሰባቱ ላይ ተጫነ፤ ስምንተኛው ተረሳ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው አዲሱን ትእዛዝ በአሮጌው መንገድ ተረጎመና ማንም ያላዘዘውን ግዢና ሽያጭ ያዘንብ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ፤ ድርጅቱም ራሱን ችሎ መቆም አልቻለም። አንድ ሰርቨር ነው የተረሳው።

የሚጠራቀመውም ነገር አለ። መገንጠያው ለሁለት ሰዓት ሲዘጋ ሰው መላኩን አያቆምም፤ መልእክቱ በወረፋ ይከማቻል። የርብና የጉማራ ወንዞችን ጠባይ ለምታውቁት ለእናንተ ይህን ማስረዳት አይከብደኝም። ክረምት ላይ ውኃው ከላይ ተከማችቶ ባንዴ ሲለቀቅ ሜዳው ምን እንደሚሆን አይታችኋል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሰዎች ከመካከላችሁ ይኖራሉ። እድሳቱ አልቆ መገንጠያው ሲከፈት፣ የሁለት ሰዓቱ መልእክት በአንድ ደቂቃ ከተለቀቀ፣ ደኅና የነበረው አዲሱ ሥርዓት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይወድቃል። ሰውም «አዲሱ ከአሮጌው ባሰ» ይላል። አዋቂው ግን በሩን በጥቂት በጥቂቱ ይከፍታል።

አሁን ሁሉም ወደሚያስታውሰው ነገር ልምጣ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ 2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና መላክ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዛመተ፤ ኤቲኤሞች ላይ ሌሊት ሰልፍ ተሰለፈ። ባንኩ ቅዳሜ ጠዋት አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ከዚያ የተሰጠው መግለጫ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ገለጸ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በዚያው ወር ሲያስረዱ፣ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበረና ከ622 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተመለሰ ተናግረዋል። በባንኩ መግለጫ መሠረት 9,281 ሰዎች ሙሉውን መለሱ፣ 5,160ዎቹ በከፊል መለሱ፣ 567ቱ ገና አልመለሱም ነበር። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ለጠፈ።

ስለዚያች ሌሊት ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው የተባለው ስለወጣቶቹ ነው። የእነርሱ ያልሆነ ገንዘብ እንደወሰዱ የሚያውቁ ነበሩና ያንን ለማቅለል አልመጣሁም። ግን የመገንጠያውን ነገር ሳናይ ብናልፍ ይቆጨኛል። ገንዘብ ሲወጣ ሁለት ሥራዎች ይሠራሉ፤ አንዱ ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ሌላው ይከፍላል። በትልልቅ ሥርዓቶች እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቤት ላይኖሩ ይችላሉ። ከፋዩ አረጋጋጩን በመገንጠያው በኩል «በቂ አለው ወይ?» ይለዋል። በእድሳት መሐል መልሱ ሳይመጣ ሲቀር ከፋዩ ምን ያድርግ? ዝምታውን «እሺ» ብሎ ይተርጉመው ወይስ «አይሆንም»? ይህ ክፍያ በሚያልፍበት በማንኛውም ሥርዓት ውስጥ አስቀድሞ፣ በሰላሙ ቀን፣ በሰው ተወስኖ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። «አይሆንም» ብሎ ከተጻፈ ሰው ተጉላልቶ ያድራል። «እሺ» ብሎ ከተጻፈ ወይም ማንም ሳይጽፈው ከቀረ ያለ ልክ መክፈል ይመጣል። እኔ መጉላላቱን እመርጣለሁ። የተጉላላ ሰው ጠዋት ይካሳል፤ ፎቶው በአደባባይ የተለጠፈ የ20 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይካስም።

ወደ መረጃው ልለፍ። ብዙ ሰው መረጃ ከአሮጌ ሥርዓት ወደ አዲስ ሲዛወር የሚፈራው እንዳይጠፋ ነው። የጠፋ መረጃ ይታወቃል፣ ይፈለጋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይጠፋ ትርጉሙን የሚለውጠው ነው፤ በአገራችን ደግሞ ለዚህ የሚያጋልጥ የራሳችን ምክንያት አለን።

ቀናችንን ውሰዱ። እኛ 13 ወር አለን፤ ከውጭ የሚመጣው ሥርዓት የሚያውቀው 12 ብቻ ነው። የተወለደበት ቀን «30/02» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ጥቅምት 30 መወለዱ ነው። አዲሱ ሥርዓት ይህን የፈረንጆች ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያነበውና፣ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ «ስህተት» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ መልካም ነው፤ ቢያንስ ጮኾ ነገረን። «05/03» ተብሎ የተመዘገበው፣ ኅዳር 5 የተወለደው ሰው ግን ያለ ምንም ድምፅ ማርች 5 ሆኖ ይገባል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በወረቀቱና በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት የተለያዩ ልደቶች ይኖሩታል፤ የሚያውቀውም ምናልባት ከዓመታት በኋላ ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። የጳጉሜን ልጆችማ ወራቸው ጭራሽ የለም።

ስማችንም እንዲሁ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። የዚህችን የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ ካርታ «ወ»ን ተከትሎ፣ ሌላው «ዎ» ብሎ፣ ሌላውም «ሮ» ጨምሮ ይጽፈዋል። አሮጌው ሥርዓት ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሠራተኛ እነዚህ አንድ ቦታ መሆናቸውን በልቡ ያውቅ ነበር። ሠራተኛው የሚያውቀው ግን በመዝገቡ ውስጥ አልተጻፈምና ከመዝገቡ ጋር አይዛወርም። ስለዚህ መረጃ ከመዛወሩ በፊት መጠየቅ ያለበት መሐንዲሱ ብቻ አይደለም፤ መስኮት ላይ የምትቀመጠው ልጅም ናት። እርሷ የምታውቀውን ሳይጠይቁ የሚያዛውሩ ሰዎች በኋላ ዕድሜያቸውን ሲያርሙ ይኖራሉ።

መስፈሪያም አለ። አንዱ ፕሮግራም ክብደትን በኩንታል ሲጽፍ ሌላው በኪሎ ቢያነብ፣ 50 የሚለው ቁጥር አልተለወጠም፤ ዕቃው ግን መቶ እጥፍ አነሰ። ያልተፈለፈለ ሩዝና ነጭ ሩዝ በአንድ «ሩዝ» በሚል ስም ቢዛወሩ ለሒሳብ ያዥ ምን እንደሚሆን ወፍጮ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

«ካልሆነ ወደ አሮጌው እንመልሰዋለን» የሚል ማጽናኛ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ለመጀመሪያዋ ሰዓት እውነት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ሥርዓት ሥራ ከጀመረ፣ ሰው ከላከበትና ከተቀበለበት በኋላ ግን፣ መመለስ ማለት በመሐል የተሠራውን ሁሉ ማጥፋት ነው። የተፈለፈለ ሩዝ ወደ ቅርፊቱ አይመለስም። ስለዚህ «እስከ ስንት ሰዓት ድረስ መመለስ እንችላለን?» የሚለው ከመጀመሩ በፊት በሰዓት ተቆርጦ መጻፍ አለበት።

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ከአምስት ሚሊዮን በላይ የሆኑ ደንበኞቹን ከአሮጌ ሥርዓት ወደ አዲስ አዛወረ። መረጃው በደኅና ተዛወረ። መረጃው የገባበት አዲሱ ሥርዓት ግን ወዲያው ችግር ገጠመው፤ ደንበኞች ሒሳባቸውን ማየት አቃታቸው፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በዓመቱ መጨረሻ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ዕቃው ሳይሰበር ደርሶ ቤቱ ፈረሰ እንደማለት ነው።

የሒሳብ ሰዎች «ማስታረቅ» የሚሉት ሥራ አለ፤ እኔ ከሁሉ የማከብረው እርሱን ነው። ከእድሳቱ በፊት መንገድ ላይ ስንት መልእክት ነበር? ከእድሳቱ በኋላ ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱ ተንጠልጥሎ ቀረ? ሦስቱ ተደምረው ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር እኩል ካልሆኑ እድሳቱ አላለቀም፤ ሲስተሙ ቢከፈት፣ መብራቱም አረንጓዴ ቢያሳይ አላለቀም። የአክስቴ ገንዘብ አራት ቀን የፈጀው ይህ ቆጠራ በዚያው ጠዋት ስላልተሠራ ነው። የተንጠለጠለውን ሰው ባንኩ ፈልጎ መደወል ሲገባው፣ የተንጠለጠለው ሰው ነው ባንኩን ሲፈልግ የከረመው።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። የእድሳቱን ቀን የሚቆርጠው ሩቅ ያለ አከራይ ከሆነ፣ የእኛን ወቅት አያውቅም። ለእርሱ እሑድ ሌሊት ማንም የማይሠራበት ሰዓት ነው። ለእኛ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዝ የሚሰበሰብበት፣ በበጋው መጨረሻ ሽንኩርት የሚጫንበት፣ ሾፌር ሌሊት ነዳጅ ቀድቶ በስልኩ የሚከፍልበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የእኛ ድርጅቶች ውል ሲዋዋሉ «በእነዚህ ሳምንታት አትንኩብን» የሚል አንቀጽ ሊያስገቡ ይገባል። ገበሬ ምርቱን በሚያነሣበት ሳምንት መገንጠያው እንዲዘጋ መፍቀድ የለባቸውም።

ማስታወቂያውም አለ። ከአከራዩ የሚመጣው «ቅዳሜ 22፡00፣ በግሪንዊች ሰዓት» ይላል። ይህ ለእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ቅዳሜ አይደለም፣ እሑድ ገብቷል። አንድ ሰው ሳያስተውል እንዳለ በስልክ አስተላልፎት ሰው «ቅዳሜ ማታ» ብሎ ሲረዳው አይቻለሁ። አክስቴ የዚያን ዕለት እንደሚከተለው ያለ መልእክት በስልኳ ደርሷት ቢሆን ኖሮ፣ ለነጋዴው ደውላ «ሲነጋ ላክልኝ» ባለችው ነበር፦

«ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሲስተማችን ይታደሳል። በዚህ ሰዓት አይላኩ። ልከው ከሆነና ካልደረሰ አይድገሙ፤ የደረሰኙን ቁጥር ይያዙ። እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት እኛው እንደውልልዎታለን።»